አንድ ፍሬም፣ ሦስት የዓይን ማረፊያ

አንድ ሰው ብቻ ያለበት ፎቶ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ጀርባውን ታጸዳላችሁ፣ ፎከሱን ዓይኑ ላይ ታሳርፋላችሁ፣ ትጫናላችሁ። ጣጣው የሚጀምረው በአንድ ፍሬም ውስጥ ሁለት ሦስት ነገሮች እኩል «እኔን እዩኝ» ሲሉ ነው። የአናጢ ሥራ ቤት አስቡ። ከፊት አናጢው መላጊያውን ይገፋል፤ ከኋላ ረዳቱ ጣውላ ተሸክሞ ይገባል፤ በመስኮቱ በኩል አንዲት ልጅ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ቆሞ ለሚያየው ደስ ይላል። ፎቶው ላይ ግን ረዳቱ ከአናጢው ጭንቅላት ላይ የበቀለ ይመስላል፣ ልጅቷ ደግሞ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆና ትቀራለች።

ብዙዎች መፍትሔው መቀነስ ነው ይላሉ። አንዳንዴ ልክ ናቸው። የሦስቱ አብሮ መገኘት ራሱ ጉዳዩ ሲሆን ግን አንዱን ማውጣት ፎቶውን ያራቁተዋል። ሦስቱ ተራ ከያዙ፣ ማለትም ማን ቀድሞ እንደሚታይ፣ ማን እንደሚከተል፣ ማን መጨረሻ ላይ እንደሚገኝ ከተወሰነ፣ ሁሉም በአንድ ፍሬም ይኖራሉ። ይህን ተራ የሚያስይዘው በእኔ እምነት ከሌንሱም ከኤዲቲንጉም በፊት የምትቆሙበት ቦታ ነው። አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) እና ማስተካከያ ሶፍትዌር የሚያግዙት እግራችሁ የጀመረውን ነው።

የሶቪየቱ ተመራማሪ አልፍሬድ ያርቡስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሰዎች ሥዕል ሲያዩ ዓይናቸው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በመሣሪያ መዝግቦ ነበር። ዓይን ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አይጠርግም፤ ይዘላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይዘላል። ሰው ያለበት ሥዕል ከሆነ የሚቆመው በብዛት ፊት ላይ ነው። ተመልካቹ ተጨማሪ ጊዜ ቢሰጠው እንኳ ያላየውን ጥግ ከመፈተሽ ይልቅ ወደ እነዚያው ማረፊያዎች ደጋግሞ ይመለሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ያልተያዘ ነገር በሁለተኛውም ዙር ሳይያዝ ሊቀር ይችላል። «ቆይቶ ያገኘዋል» ብሎ ልጅቷን ጨለማ ጥግ ውስጥ መተው ማለት አለማንሳት ነው።

ዓይን የሚጠሩት ነገሮች ብዙም አይደሉም። ፊት ይቀድማል፤ ወደ ካሜራው የሚያይ ፊት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በጨለማ መካከል ያለ ብርሃን ወይም በብርሃን መካከል ያለ ጥቁር ነገር፣ ደብዛዛ ቀለሞች ውስጥ ያለ አንድ ደማቅ ቀይ፣ ብዥ ባለው መካከል ጥርት ያለው፣ ከሌሎች ተነጥሎ ብቻውን የቆመው፣ ሁሉም ይጠራሉ። ጽሑፍ ብዙ ሰው የማያስበው ጠላት ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ፊደል ካየ ሳያነብ አያልፍም፤ ቲሸርት ላይ የተጻፈ አንድ ቃል ወይም ከጀርባ ያለ ማስታወቂያ ያለ ግብዣ አራተኛ ማረፊያ ይሆንባችኋል። ጽሑፉ ለጉዳዩ ካላስፈለገ በሰው አካል ጋርዱት፣ አለበለዚያ ፍሬሙን አዙሩ። በኋላ በሶፍትዌር ማጥፋት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ከመጫናችሁ በፊት ተራውን በልባችሁ በቃል በሉት፦ «አናጢው፣ ከዚያ ልጅቷ፣ መጨረሻ ረዳቱ።» ይህን ማለት ካቃታችሁ ፎቶው ገና አልደረሰም። ከተባለ በኋላ ሥራው ይቀላል፤ አንደኛው ቢያንስ በሁለት ነገር መብለጥ አለበት፤ ለምሳሌ በመጠንና በብርሃን። ሁለተኛው በአንድ ነገር ብቻ ይብለጥ፤ ልጅቷ ትንሽ ብትሆንም ፊቷ ወደ እኛ ከዞረና የመስኮቱ ብርሃን ካረፈበት ይበቃታል። ሦስተኛው በምንም መብለጥ የለበትም፣ ግን ሙሉ ቅርጹ ይታይ። ሦስቱም በሁሉም ነገር እኩል ከሆኑ የቡድን ፎቶ አነሳችሁ ማለት ነው። ሁለት ነገሮች እኩል ሲሆኑም ዓይን እንደ ቴኒስ ኳስ ይመላለሳል፤ ፍጥጫ ለማሳየት ከፈለጋችሁ ይህ ጥሩ ነው፣ ካልፈለጋችሁ አንዱን ዝቅ አድርጉት።

«ጎዶሎ ቁጥር ሁልጊዜ ይሻላል» የሚባለውን ብዙ አልቀበለውም። ሦስት ነገር ሦስት ማዕዘን ስለሚሠራ ይመቻል፣ እውነት ነው። አራት ነገርም ሁለት ጥንድ ሆኖ፣ ወይም ሦስትና አንድ ሆኖ ከተከፈለ ይሠራል። ከአምስት በላይ ሲሆን ግን ቁጥር ትርጉም ያጣል፤ ዓይን ሰዎቹን አንድ በአንድ ማየት ትቶ እንደ ቡድን ነው የሚያያቸው። ያን ጊዜ ማሰብ ያለባችሁ ስለ ቡድኖቹ ነው።

ፍሬሙን በሦስት በሦስት የሚከፍለው ደንብም እዚህ ብዙ አይረዳም። ደንቡን ስም ሰጥቶ የጻፈው እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1797፣ ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሥዕል ሲናገር። ካሜራው ላይ የሚታዩት መስመሮች አራት መገናኛ ስላላቸው ሦስቱን ነገሮች ሦስቱ መገናኛ ላይ ማስቀመጥ ያጓጓል። እንዲያ ሲደረግ ግን አቀማመጡ በጣም የተለካ ይሆንና ፎቶው ይደርቃል። አንደኛውን ብቻ መገናኛው አጠገብ አድርጉና የቀሩትን እኩል ባልሆነ ርቀት በትኗቸው፤ ሦስት ማዕዘኑ አንድ ጎኑ አጭር፣ አንዱ ረጅም ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በፎቶ ላይ የሁለት ነገሮችን የመጠን ልዩነት የሚወስነው ከካሜራው ያላቸው ርቀት ብቻ ነው። ሌንሱ ያጎላል ወይም ያሳንሳል እንጂ ይህን ንጽጽር አይቀይርም። አናጢው ከእናንተ 2 ሜትር፣ ረዳቱ 6 ሜትር ላይ ቢሆኑና ቁመታቸው እኩል ቢሆን፣ ረዳቱ የአናጢውን ሲሶ ሆኖ ይታያል። 2 ሜትር ወደ ኋላ ብትሉ ርቀታቸው 4 እና 8 ሜትር ይሆናል፤ ረዳቱ ግማሽ ይደርሳል። 4 ሜትር ብትርቁ 6 እና 10 ሜትር ይሆናል፤ ረዳቱ ከግማሽ ያልፋል፣ 60 በመቶ ይሆናል። አናጢው በፍሬሙ ውስጥ መጠኑን እንዲጠብቅ ሌንሱ ከ35 ሚ.ሜ ወደ 70፣ ከዚያ ወደ 105 ሚ.ሜ ይሄዳል።

ይህ በነጻ አይገኝም። በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ በ35 ሚ.ሜ ሌንስ 6 ሜትር ላይ 6 ሜትር ከ20 ገደማ ስፋት ይታያል። በ70 ሚ.ሜ ከ8 ሜትር 4 ሜትር ከ10 ይቀራል፤ በ105 ሚ.ሜ ከ10 ሜትር 3 ሜትር ከ40 ብቻ። ረዳቱን ስታጎሉት መስኮቱና ልጅቷ ከፍሬሙ ይወጣሉ። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ሌንስ ያምራል» ከመሆኑ በፊት «ኋላ ያለው ምን ያህል ይተልቅ፣ ከጎኑስ ምን ይቅር» ነው። መጀመሪያ በእግር ሄዳችሁ መጠኑን አስተካክሉ፣ ከዚያ ዙሙን ፍሬሙን ለመሙላት ተጠቀሙበት። ቆመው ዙም የሚያዞሩ ሰዎች በአንድ ቦታ ላይ ያለችውን አንዲት ንጽጽር ብቻ ነው ደጋግመው የሚያነሱት።

የካሜራው ቁመት የባሰ ይረሳል። መሬቱ ሜዳ ከሆነና ካሜራው በቆሙት ሰዎች ዓይን ልክ ከተያዘ፣ የሁሉም ጭንቅላት በአንድ አግድም መስመር ላይ ይውላል፤ ቅርብ ያለውም ሩቅ ያለውም። ለዚህ ነው በዓይን ቁመት የተነሳ የሰው ስብስብ እርስ በርሱ የሚጋረደው። ካሜራውን ከጭንቅላታቸው በላይ አንሱት፤ ሩቅ ያሉት በፍሬሙ ከፍ ይላሉ፣ ቅርብ ያሉት ዝቅ ይላሉ፣ ሁሉም የየራሱን እርከን ያገኛል። ቁጥር ለሚፈልግ፦ 1 ሜትር ከ70 ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች 2 ሜትርና 6 ሜትር ላይ ሲቆሙ፣ ካሜራው 2 ሜትር ከ10 ላይ ቢያዝ፣ በ35 ሚ.ሜ ሌንስ የጭንቅላታቸው ከፍታ ልዩነት የፍሬሙን ቁመት አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል። ይህን ለማግኘት የሚታጠፍ ስክሪን ያለው ካሜራን በተዘረጋ እጅ ማንሳት ወይም በርጩማ ላይ መቆም ይበቃል። ዝቅ ብላችሁ ስታነሱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቅርብ ያለው ይገዝፍና ሩቅ ያለው ከስሩ ይገባል። ቅርቡን ማንገሥ ከፈለጋችሁ ያገለግላል፣ ለሦስት ማረፊያ ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም።

የጎን እንቅስቃሴ ደግሞ መለያየትን ይሰጣል። 30 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ብትሉ 2 ሜትር ላይ ያለው ሰው በ8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይንሸራተታል፣ 6 ሜትር ላይ ያለው በ3 ዲግሪ ገደማ ብቻ። አንድ እግር ሳታነሱ ክብደታችሁን ከቀኝ ወደ ግራ ማዛወር ብቻውን የተጣበቁትን ይለያቸዋል።

መለያየቱ የሚፈለገው የት የት ነው? በጭንቅላት፣ በእጅ ጣትና በሥራ መሣሪያው ዙሪያ። ቀሪው አካል ቢደራረብ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ትንሽ መደራረብ ጥልቀት ይሰጣል። የሚጎዳው ጠርዝ ከጠርዝ ልክ ሲነካካ ነው። የረዳቱ ጣውላ ጫፍ የአናጢውን ጆሮ ልክ ከነካ ሁለቱ በአንድ ርቀት ላይ ያሉ ይመስላሉ፤ ጣውላው ጆሮው ውስጥ የገባም ሊመስል ይችላል። ወይ በደንብ ይደራረቡ፣ ወይ በመካከላቸው አየር ይታይ። መሐል ሰፋሪ የለም። ይኸው ለፍሬሙ ጠርዝም ይሠራል፤ እጅ ከተቆረጠ አንጓው ላይ ሳይሆን ክንዱ መካከል ይቆረጥ፣ እግር ከተቆረጠ ቁርጭምጭሚት ላይ አይሁን።

ማረፊያዎቹ ተለያይተው ከቀሩ ደግሞ ሦስት ፎቶ በአንድ ክፈፍ ይሆናል። ማያያዣ ያስፈልጋቸዋል፤ ከማያያዣዎች ሁሉ ጠንካራው የዓይን አቅጣጫ ነው። ልጅቷ አናጢውን ካየች የእኛም ዓይን ተከትሏት ይሄዳል፤ ረዳቱ ልጅቷን ካየ ዙሩ ይዘጋል። አንዱ ግን ፊቱን ወደ ፍሬሙ ውጭ ካዞረ ተመልካቹንም ይዞት ይወጣል። የክንድ አቅጣጫ፣ የጣውላው መስመር፣ የጥላ ጫፍ፣ የወለሉ ስንጥቅ ሁሉ ድልድይ ይሆናሉ። ቀለም ሲደጋገምም ያያይዛል፦ የልጅቷ ሰማያዊ ሹራብና ከፊት ያለው ሰማያዊ የቀለም ቆርቆሮ በማይገናኙበት ቦታ ሆነው እንኳ ይጠራራሉ።

የስፔናዊውን ሠዓሊ የዲዬጎ ቬላስኬዝን «ላስ ሜኒናስ» ማየት ከብዙ ትምህርት ይሻላል። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. የ1656 ነው፤ ማድሪድ በሚገኘው ፕራዶ ሙዚየም ተሰቅሏል። ከፊት ልዕልቲቱና አጃቢዎቿ፣ በቀኝ ጥግ የተኛ ውሻ፣ በግራ ሠዓሊው ራሱ፣ ኋላ ግድግዳው ላይ ንጉሡና ንግሥቲቱ የሚታዩበት መስታወት፣ ከመስታወቱ አጠገብ በተከፈተ በር ደረጃ ላይ የቆመ ሰው። ያ ሰው ከሥዕሉ ሰዎች ሁሉ ሩቅ ነው፤ ፊቱም ትንሽ ነው። ግን አይጠፋም፤ ጥቁር ልብሱ ብሩህ በር ላይ ስላረፈ። ዙሪያው ያለው ግድግዳ ጨለማ ነው። ልጅቷን በመስኮት ስታነሱ ማድረግ ያለባችሁ ይህንኑ ነው፦ ትንሽ ትሁን፣ ግን ከጀርባዋ ካለው ተቃራኒ ብርሃን ላይ ትረፍ፣ ዙሪያዋም ዝም ይበል።

ፎከስ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሰዎች ሁለቱንም ጥርት ለማድረግ በመካከላቸው እኩሌታ ላይ ያተኩራሉ፤ 2 እና 6 ሜትር ከሆነ 4 ሜትር ላይ። ጥርት የሚለው ክልል ግን ከፎከሱ ነጥብ ወደ ኋላ ይረዝማል፣ ወደ ፊት ያጥራል። ስለዚህ ነጥቡ ወደ ቅርቡ ማድላት አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሁለቱን ርቀቶች አባዙ፣ ውጤቱን በ2 አባዙ፣ ለርቀቶቹ ድምር አካፍሉ። 2 ሲባዛ 6 አሥራ ሁለት፣ እጥፉ 24፣ ለ8 ሲካፈል 3 ሜትር። ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ በ35 ሚ.ሜ ሌንስ 3 ሜትር ላይ አተኩራችሁ አፐርቸሩን ኤፍ 8 ብታደርጉ (ከኤፍ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ሁለቱም ይያዛሉ። በ50 ሚ.ሜ ከሆነ ኤፍ 14 አካባቢ ያስፈልጋል። ክሮፕ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ ተመሳሳይ እይታ በሚሰጥ 23 ሚ.ሜ ሌንስ ኤፍ 5.6 ይበቃል። እነዚህ ቁጥሮች ለመደበኛ መጠን ህትመት ናቸው፤ ትልቅ ለማሳተም ካሰባችሁ አፐርቸሩን በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም የሚገባው ብርሃን በግማሽ እስኪቀንስ፣ ዝጉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ወደ ኋላ ሄዳችሁ በ105 ሚ.ሜ ስታነሱ፣ አናጢው በፍሬሙ ያው መጠን ቢሆንም፣ ርቀታቸው 6 እና 10 ሜትር ስለሆነ ፎከሱ 7 ሜትር ተኩል ላይ ይሆናል፤ የሚያስፈልገው አፐርቸር ደግሞ ኤፍ 13 አካባቢ ይደርሳል። ማለትም የመጠን ልዩነቱን ስታጠቡ ጥራቱን መያዝ ይከብዳል። ኤፍ 16ና ከዚያ በላይ ስትዘጉ ደግሞ ብርሃን በጠባቧ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ክሮፕ ሴንሰር ላይ ይህ ከኤፍ 11 በኋላ መታየት ይጀምራል።

ሁሉም ጥርት ይበል የሚል ሕግ ግን የለም። ሦስተኛው ማረፊያ ትንሽ ቢለሰልስ ተራውን ያግዛል፤ ችግሩ ለስላሳነቱ ከየትኛው ደረጃ እንደሚያልፍ ነው። ረዳቱ ወንድ መሆኑ፣ የሚሸከመው ጣውላ መሆኑ፣ ወደ የት እንደሚያይ ከታወቀ ይበቃል። ቅርጹ ከጠፋ ማረፊያነቱ አብሮ ይጠፋል። በ85 ሚ.ሜ ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ፣ 2 ሜትር ርቀት ላይ ጥርት የሚለው ክልል 6 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዚህ ቅንብር ሦስት ማረፊያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። አራት ሜትር ልዩነት ያላቸውን ሁለት ነገሮች በሰፊ አፐርቸር የግድ ማጥራት ካስፈለገ የሚያዘነብል ሌንስ አለ፤ መርሁ ኦስትሪያዊው ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ እ.ኤ.አ. በ1904 በፓተንት ያስመዘገበው ነው። ውድ ነው፣ ዝግተኛም ነው፤ ሰው ለሚንቀሳቀስበት ቦታ አልመክረውም። ለማይንቀሳቀስ ነገር በትሪፖድ ሁለት ሦስት ጊዜ ፎከስ ቀያይሮ አንስቶ ማዋሐድ ይቀላል።

አፐርቸር ሲዘጋ ብርሃን ያንሳል፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው መዝጊያ) ይዘገያል። ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ሁልጊዜ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ለሚራመድ ሰው 1/250 ሴኮንድ፣ ለሚሮጥ 1/500ና ከዚያ በላይ ያዙ፤ አይኤስኦው (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ይበል። ጫጫታ (ነጠብጣብ) ያለው ግን ጥርት ያለ ፎቶ ይሻለኛል። የአናጢው እጅ ብቻ ትንሽ ቢፈስ ግድ የለም፣ እንቅስቃሴ ያሳያል፤ ሦስቱም ከፈሰሱ ግን ፎቶው ተበላሸ።

በስልክ የምታነሱ ከሆነ ግማሹ ችግር ተፈትቷል። ዋናው ሌንስ ሰፊ፣ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ 2 እና 6 ሜትር በአብዛኛው አብረው ይጠራሉ። የሚያበላሸው ፖርትሬት ሞድ ነው፤ አንድ ሰው መርጦ የቀረውን በሶፍትዌር ያደበዝዛል፣ ረዳቱን እንደ ግድግዳ ቆጥሮ ይበላዋል። አጥፉት፣ ወይም አስቀድማችሁ አንስታችሁ ከሆነ የብዥታውን ቁጥር ወደ ኤፍ 8 ወይም 11 ውሰዱት። ስክሪኑን በአናጢው ላይ ተጭናችሁ ስትቆዩ ፎከስና ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) ይቆለፋሉ፤ ከዚያ ብርሃኑን ጎትታችሁ ዝቅ አድርጉ፣ መስኮቱ እንዳይነጣ። አንድ ችግር ግን ይቀራል፦ ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ሩቅ ያለው በጣም ያንሳል። ሁለተኛ የማቅረቢያ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቅማችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ሰፊውን ከተጠቀማችሁ ደግሞ ፊት ያለበትን ሰው ጥግ አታድርጉ፤ ጥግ ላይ ጭንቅላት ይለጠጣል።

ፍላሽ ብዙ ሰው ሲኖር ተንኮለኛ ነው። ብርሃን በርቀት ስኩዌር ይቀንሳል፤ ፍላሹ ካንዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ከሌላው 3 ሜትር ከሆነ ሁለተኛው የሚያገኘው ሩቡን ብቻ ነው፣ ሁለት ስቶፕ ይጨልማል። ፍላሹን አርቁት፦ ርቀቶቹ 4 እና 5 ሜትር ተኩል ቢሆኑ ልዩነቱ ወደ አንድ ስቶፕ ይወርዳል። ቅርቡ ሰው ያንኑ ብርሃን እንዲያገኝ የፍላሹ ጉልበት ሦስት ስቶፕ ገደማ ይጨመር። ጉልበቱ ካልበቃ የፍላሹን ራስ ወደ ሩቁ ሰው አዙሩት፤ ቅርቡ የብርሃኑን ዳር ብቻ ያገኛል። ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነም ወደዚያ ማንጠር ሁለቱንም ያቀራርባል። አንድ ስቶፕ ልዩነት ራሱ ጉዳት የለውም፤ ተራ የሚያስይዘው እሱ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሦስት ሰው በአንድ ቅጽበት አያምርም። ስለዚህ በቅድሚያ የማይንቀሳቀሱትን አስቀምጡ፤ መስኮቱ፣ የሥራ ጠረጴዛው፣ አናጢው። ቦታ ይዛችሁ፣ ፎከስ ቆልፋችሁ፣ ረዳቱ የሚገባበትን ክፍት ቦታ በፍሬሙ ውስጥ ተዉለት። ከዚያ ጠብቁ። ረዳቱ ሲገባ ግን እሱን አትዩ፤ ከአናጢው ትከሻና ከረዳቱ ጭንቅላት መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ክፍተቱ ሲከፈት ተጫኑ፣ በሴኮንድ ከ5 እስከ 10 ፍሬም በተከታታይ። ከተከታታዩ ስትመርጡ አንደኛ ማረፊያው ያማረበትን ሳይሆን ሦስተኛው ያልተበላሸበትን ፈልጉ፤ አናጢው በአሥሩም ያው ነው፣ ረዳቱ ግን በአንዱ ብቻ ነው ነጥሮ የሚወጣው። አፍ በንግግር መካከል ሲያዝ ያስቀይማል፣ የተጨፈነ ዓይንም እንዲሁ፤ ጀርባውን የሰጠ ሰው ግን በቅርጹ ብቻ ጥሩ ሦስተኛ ይሆናል።

ካነሳችሁ በኋላ ፎቶውን በስክሪኑ ላይ አውራ ጣት እስኪያህል አሳንሱት። በዚያ መጠን ሦስቱ ማረፊያዎች ካልተለዩ፣ በትልቁም ያሉት ለእናንተ ብቻ ነው፤ እዚያ ስለነበራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ቀጥሎ አንዱን ማረፊያ በጣታችሁ ሸፍኑ። ፎቶው ምንም ካልጎደለው ያ ማረፊያ ትርፍ ነው፤ በክሮፕ (ጠርዙን በመቁረጥ) ይውጣ። በመጨረሻ ግራና ቀኙን ገልብጡት። የለመዳችሁት ቅደም ተከተል ሲፈርስ ሳይታያችሁ የቆየ ብሩህ ጥግ ወይም ነጭ ባልዲ ወዲያው ብቅ ይላል።

ኤዲቲንጉ ላይ እጅ ይቆጠብ። ያልተፈለገ ብሩህ ቦታ በማስክ (የተመረጠውን ቦታ ብቻ በሚያስተካክል መሣሪያ) ከ0.3 እስከ 0.7 ስቶፕ ዝቅ ይበል፤ አንደኛው ማረፊያ በ0.2 ወይም 0.3 ከፍ ይበል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ከውጭ የተለጠፈ ይመስላል። የሚጮህ ቀለም ካለ ቀለሙን ብቻ ከ15 እስከ 25 ነጥብ አደብዝዙ፣ ብርሃኑን አትንኩ። ሦስተኛውን ለማሳየት ብላችሁ ጥላዎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፤ ጨለማው ሲነሳ ጠረጴዛ ስር ያለው ቆሻሻ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ገመድ፣ የመሣሪያው ሳጥን አብረው ይነሳሉ። ረዳቱን ብቻ በማስክ ክፈቱት።

ክሮፕ ስታደርጉ 3 ለ 2 ላይ የሙጥኝ አትበሉ። ማረፊያዎቹ በአግድም ከተበተኑ 16 ለ 9 ከላይና ከታች ያለውን ባዶ ያነሳል፤ ሦስት ማዕዘን ከሠሩ 4 ለ 3 ወይም እኩል ጎን ይሻላል። ረዳቱ ጠርዝ አጠገብ ከሆነ ከፊቱ አቅጣጫ በኩል ቢያንስ የጭንቅላቱን ስፋት ያህል ባዶ ተዉ፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ እስከ ትከሻው ድረስ ቁረጡት፣ ያም ካልሆነ ሙሉ በሙሉ ይውጣና ፎቶው የአናጢውና የልጅቷ ይሁን።